በባንኩ በር ወይስ በደላላው? የአሜሪካ የቤት ብድር ታሪክ

አሜሪካ ውስጥ ቤት ለመግዛት የተነሣ ኢትዮጵያዊ ቤቱን ገና ሳይመርጥ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ብድሩን በቀጥታ ከባንክ ይጠይቅ ወይስ በደላላ በኩል ይሂድ? ዘመድ ወዳጁ ሁሉ የየራሱን ይመክረዋል። አንዱ «ደላላ መሃል ገብቶ ይበላብሃል» ይለዋል፤ ሌላው «ባንክ የራሱን ዕቃ ብቻ ነው የሚሸጥልህ፣ ደላላ ግን ገበያውን ያዞርልሃል» ይለዋል። ሁለቱም ምክር ከባዶ የመጣ አይደለም። እያንዳንዱ በአንድ ወቅት እውነት የሆነበት ጊዜ ነበር። መቼና ለምን እውነት እንደሆነ ለማየት ግን ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከፔንሲልቬንያ ነው። በ1831 መጀመሪያ፣ ፊላዴልፊያ አጠገብ ባለችው የፍራንክፎርድ የፋብሪካ መንደር፣ አርባ የሚጠጉ ሰዎች አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ተሰብስበው «ኦክስፎርድ ፕሮቪደንት» የተባለ የቤት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ሐሳቡ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። አሠራሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም፤ እቁብ ነው ማለት ይቻላል። አባላቱ በየወሩ ያዋጣሉ፣ የተጠራቀመው ገንዘብ በተራ ለአንድ ሰው ይሰጣል፣ ያ ሰው ቤት ይገዛበታል፣ ከዚያም ከነወለዱ እየመለሰ መዋጮውንም ይቀጥላል። ልዩነቱ ዕጣ አለመውጣቱ ነው፤ ገንዘቡን ቀድሞ የሚወስደው ለማኅበሩ ከፍ ያለ ጭማሪ ለመክፈል የተጫረተው ነበር። የመጀመሪያው ተበዳሪ ኮምሊ ሪች የሚባል የመንገድ ፋኖስ አብሪ ሲሆን 375 ዶላር ወስዶ ቤት ገዛበት። ከአሥር ዓመት በኋላ ማኅበሩ ሥራውን ጨርሶ ተበተነ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ደላላ አልነበረም። አበዳሪውና ተበዳሪው ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱ ባይከፍል ጉዳቱ የሁሉም ነው፤ ስለዚህ ማን ምን ያህል መሸከም እንደሚችል ሁሉም በጥንቃቄ ያይ ነበር። ይህ ነጥብ በቀጣዩ ታሪክ ሁሉ ደጋግሞ ይመጣል፤ ብድሩን የሚያዋውለው ሰው ብድሩ ሲበላሽ የሚጎዳ ነው ወይስ የማይጎዳ?

ደላላው የመጣው ከምዕራብ ነው፤ የጠራውም ሕጉ ራሱ ነው። በ1862 የወጣው የሆምስቴድ አዋጅ በካንሳስና በነብራስካ ሜዳዎች ለሚሰፍር ገበሬ መሬት በነጻ ሰጠ፤ ማረሻ መግዣ፣ ጉድጓድ ማስቆፈሪያና አጥር ማጠሪያ ገንዘብ ግን አልሰጠም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1864፣ የወጣው የብሔራዊ ባንኮች ሕግ ደግሞ በፌዴራል ፈቃድ የሚሠሩ ባንኮች መሬትን መያዣ አድርገው እንዳያበድሩ ከለከለ። ገበሬው እንዲህ ያለ ባንክ ቢሄድም ሕጉ አያስበድረውም ማለት ነው። ገንዘቡ ያለው በኒው ዮርክ፣ በቦስተን፣ እንዲያውም በለንደን ባሉ ቆጣቢዎች እጅ ነበር። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ጃቤዝ ዋትኪንስ የሚባል ጠበቃ ይህን ሥራ በ1870ዎቹ ሎረንስ፣ ካንሳስ ላይ በትልቁ ያዘው። በየትንንሹ ከተማ የነበሩ ወኪሎች ማመልከቻውን ይሞላሉ፣ መሬቱን ይገምታሉ፣ ገበሬውን ያስፈርማሉ። ሰነዱ ወደ ምሥራቅ ተልኮ ይሸጣል። ወኪሉ የድለላ አበሉን የሚወስደው ብድሩ ሲፈረም ነው፤ ዝናብ ቢጠፋና ገበሬው መክፈል ቢያቅተው አበሉን አይመልስም። ኋላ ኋላ እንደ ዋትኪንስ ያሉ ኩባንያዎች ብዙ ብድሮችን አጠራቅመው በእነሱ መያዣነት ቦንድ እያሳተሙ መሸጥ ጀመሩ። የቦንዱ ገዢ መሬቱን አላየውም፣ ገበሬውንም አያውቀውም።

በ1880ዎቹ መጨረሻ ድርቅ መጣ። በምዕራብ ካንሳስ ገበሬዎች ጋሪያቸውን ጭነው መሬቱን ጥለው ሄዱ። በ1893 የገንዘብ ቀውስ ሲከተል ከእነዚህ ኩባንያዎች አብዛኞቹ ወደቁ፤ የዋትኪንስም ኩባንያ አልተረፈም። ግምቱን ከፍ አድርገው የጻፉት ወኪሎች አበላቸውን በልተው ጨርሰው ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የከተማ ቤት ብድር ዛሬ ከምናውቀው ፈጽሞ የተለየ ነበር። የብድሩ ዘመን ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው፤ የሚገኘውም የቤቱን ዋጋ ግማሽ ያህል ነው። ተበዳሪው በእነዚያ ዓመታት ወለዱን ብቻ ይከፍላል፣ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ይቆይና ቀኑ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ማንም በአንድ ጊዜ መክፈል ስለማይችል ብድሩ ይታደሳል። በታደሰ ቁጥር የሚያድሰው ደላላ አበሉን ይወስዳል። ቀሪውን ግማሽ ለመሙላት ደግሞ ሁለተኛ ብድር ይወሰዳል፤ ያ የበለጠ ውድ ነው። ኢኮኖሚው ሲያድግ ይህ ሁሉ ያለ ችግር ዞረ። ከ1929 በኋላ ግን የሚያድስ ጠፋ። በ1933 በቀን አንድ ሺህ ያህል ቤቶች በዕዳ ምክንያት ከባለቤቶቻቸው እጅ ይወጡ ነበር።

የፍራንክሊን ሩዝቬልት መንግሥት በዚያው ዓመት ያቋቋመው የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን ከአንድ ሚሊዮን በላይ የተበላሹ ብድሮችን ተረከበና በ15 ዓመት፣ በ5 በመቶ ወለድ፣ ዋናውና ወለዱ በየወሩ አብረው እንዲከፈሉ አድርጎ አስተካከላቸው። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር፣ ዛሬም ሁሉም ኤፍ ኤች ኤ እያለ የሚጠራው፣ የቤቱን ዋጋ እስከ 80 በመቶ ለሚሸፍንና እስከ 20 ዓመት ለሚከፈል ብድር ዋስ ሆነ። ፋኒ ሜ የተቋቋመችው በ1938 ነው፤ ሥራዋም እነዚህን ብድሮች ከአበዳሪዎች መግዛት ነበር። በ1944 ደግሞ ለተመላሽ ወታደሮች የመንግሥት ዋስትና ታከለ። በ1940 ከመቶው ቤተሰብ 44ቱ ያህል በራሱ ቤት ይኖር ነበር፤ በ1960 ቁጥሩ 62 ደረሰ።

ይህ ለውጥ አንድ አዲስ ዓይነት አበዳሪ ፈጠረ። ሁሉም ብድር በአንድ ዓይነት ቅጽ፣ በአንድ ዓይነት ግምትና በመንግሥት ዋስትና ሲሠራ፣ ቨርጂኒያ ላይ የተፈረመ ብድር ኮነቲከት ላለ የኢንሹራንስ ኩባንያ መሸጥ ቀላል ሆነ። ስለዚህ የቆጣቢ ገንዘብ የሌላቸው፣ ከባንክ ተበድረው የሚያበድሩና ብድሩን ወዲያው የሚሸጡ የሞርጌጅ ኩባንያዎች በየከተማው በዙ። ዛሬ «አበዳሪ» እየተባሉ የሚጠሩት ብዙዎቹ የእነዚህ ልጆች ናቸው። ቤት ገዢው «እኔ ከደላላ ሳይሆን ከአበዳሪው ነው የወሰድኩት» ቢልም፣ ብድሩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተሽጦ ሊሆን ይችላል። በባንክና በደላላ መካከል ያለው ድንበር ሰዎች እንደሚያስቡት የተሰመረ አይደለም።

የባንኩ በር ግን ለሁሉም አልተከፈተም። የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን ከ1935 ጀምሮ ያሠራቸው ካርታዎች የየከተማውን ሰፈር በአራት ቀለም ይከፍሉ ነበር፤ ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር በሙሉ ማለት ይቻላል በቀይ ተቀለመ። ኤፍ ኤች ኤ ለገማቾቹ ያዘጋጀው መመሪያም የተለያየ ዘር ያላቸው ሰዎች አንድ ሰፈር መኖራቸውን የቤት ዋጋ እንደሚቀንስ አደጋ ይቆጥር ነበር። ቤት ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚከለክሉ የግል ውሎችም በየከተማው ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል እንዳያስፈጽሙ ሲወስን፣ ከቀረቡት ጉዳዮች አንዱ የመጣው ከዋሽንግተን ዲሲ ብራያንት ጎዳና ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሱቅና ምግብ ቤት ከከፈቱበት ከሻው ሰፈር ብራያንት ጎዳና ሩቅ አይደለም።

ባንክ በሩን ሲዘጋ በመሃል የገባው ሰው ዋጋውን እንደፈለገ ይተምናል። ቺካጎ ሎንዴል ሰፈር የሆነው ይኸው ነው። ነጋዴዎች ቤቱን ከነጭ ቤተሰብ በርካሽ ይገዙና ለጥቁር ቤተሰብ አንዳንዴ በእጥፍ ዋጋ በ«ኮንትራት» ይሸጡት ነበር። ገዢው የመጨረሻዋን ክፍያ እስኪጨርስ የቤቱ ባለቤትነት በሻጩ ስም ይቆያል፤ አንድ ወር ቢያሳልፍ ቤቱንም እስከዚያ የከፈለውንም ያጣል። በ1968 እነዚህ ቤተሰቦች የኮንትራት ገዢዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ወርሃዊ ክፍያቸውን እስከ ማቆም ደርሰው ታገሉ፤ ብዙዎቹም ውላቸው እንደገና እንዲታይ አደረጉ። የዚያው ዓመት የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ፣ የ1974ቱ የእኩል ብድር ዕድል ሕግ፣ በ1975 ባንኮች ለየትኛው ሰፈር እንዳበደሩ እንዲያሳውቁ ያስገደደው ሕግ፣ በ1977ም በሚሠሩበት አካባቢ ለሚኖረው ሕዝብ ሁሉ እንዲያበድሩ የጠየቀው ሕግ፣ ሁሉም የዚህና የመሰል የእኩልነት ትግሎች ፍሬዎች ናቸው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የመጣው ኢትዮጵያዊ ቤት መግዛት የቻለው እነዚህ ሰዎች በከፈቱት በር ገብቶ ነው፤ ይህ መዘንጋት የለበትም።

ደላላው በትልቁ የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው። እስከዚያ ድረስ የቤት ብድር ዋና ምንጭ የፍራንክፎርዱ ማኅበር የልጅ ልጆች የሆኑት የቁጠባና ብድር ተቋማት ነበሩ። በ6 በመቶ ለ30 ዓመት አበድረው ነበር፤ የገበያው ወለድ ሲወጣ ግን ለቆጣቢዎቻቸው ከዚያ የበለጠ መክፈል ግድ ሆነባቸው። በጥቅምት 1981 የ30 ዓመት የቤት ብድር ወለድ ከ18 በመቶ በላይ ደረሰ። ተቋማቱ አንድ በአንድ ወደቁ፤ ከ1986 እስከ 1995 ድረስ ከ3,234ቱ 1,043ቱ ተዘጉ። ከሥራ የወጡት የብድር ሠራተኞች ስልክና ፋክስ ይዘው የየራሳቸውን ትንሽ ቢሮ ከፈቱ። ቅርንጫፍ መክፈት የማይፈልጉ ትልልቅ አበዳሪዎች በየጠዋቱ የዕለቱን ወለድ የያዘ ሬት ሺት ይልኩላቸዋል፤ እነሱም ተበዳሪውን ፈልገው፣ ወረቀቱን አሟልተው ይልካሉ። አበዳሪው ደመወዝም ኪራይም አይከፍልም፤ ለመጣለት ብድር ብቻ ይከፍላል። በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ከአገሪቱ የቤት ብድር ትልቅ ክፍል የሚያልፈው በደላሎች እጅ ነበር።

ኢትዮጵያውያን በብዛት የደረሱት በዚሁ ወቅት ነው። የ1980 የስደተኞች ሕግ፣ በኋላም ከ1995 ጀምሮ የዲቪ ሎተሪ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ትልቅ ማኅበረሰብ እንዲያድግ አደረጉ። ታክሲ የሚነዳው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ቀን ሆቴል ማታ ነርሲንግ ሆም የምትሠራው ቤት መግዛት ፈለጉ። የባንኩ ሎን ኦፊሰር ግን ደመወዝ የተጻፈበት ወረቀት፣ የሁለት ዓመት የግብር ሰነድና የቆየ የክሬዲት ታሪክ ይጠይቃል። የታክሲ ነጂው ገቢ ከግብር ወረቀቱ ላይ ወጪው ተቀንሶ ትንሽ ሆኖ ይታያል፤ አዲስ የመጣው ሰው ደግሞ ምንም የክሬዲት ታሪክ የለውም። ሀገሩ ሳለ ዕዳ የሌለበት ሰው ይከበር ነበር፤ እዚህ ዕዳ ይዞ የማያውቅ ሰው አይታመንም።

አማርኛ ተናጋሪው ደላላ ያገለገለው እዚህ ላይ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ይመጣል፣ ቡና እየተጠጣ እያንዳንዱን ወረቀት በአማርኛ ያስረዳል፣ የኪራይና የመብራት ክፍያ ደረሰኝ እንደ ክሬዲት ታሪክ የሚቀበል አበዳሪ ፈልጎ ያመጣል። ይህን አገልግሎት ማቃለል ትክክል አይሆንም፤ ብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያ ቤቱን የገዛው በዚህ መንገድ ነው።

ክፋቱ የነበረው በክፍያው አሠራር ውስጥ ነው። ደላላው አበሉን የሚያገኘው ከሁለት ቦታ ነበር። አንዱ ተበዳሪው በግልጽ የሚከፍለው ነው። ሌላው «ዪልድ ስፕሬድ ፕሪሚየም» የሚባለው ሲሆን፣ ተበዳሪው ሊያገኝ ከሚችለው ወለድ ከፍ ባለ ወለድ ሲፈርም አበዳሪው ለደላላው የሚከፍለው ነው። በቁጥር ሲታይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። አንድ ሰው 300 ሺህ ዶላር ለ30 ዓመት በ6 በመቶ መበደር የሚችል ሆኖ ሳለ በ6.75 በመቶ ቢፈርም፣ ወርሃዊ ክፍያው ከ1,799 ወደ 1,946 ዶላር ይወጣል። በ30 ዓመት ውስጥ ልዩነቱ 53 ሺህ ዶላር ያህል ነው። ደላላው ከዚህ ከፍ ካለ ወለድ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር በክሎዚንጉ፣ ማለትም ውሉ በሚፈረምበት፣ ዕለት ይወስዳል፤ ተበዳሪው ግን በወረቀት ክምር ውስጥ በአሕጽሮት የተጻፈችውን መስመር አያስተውላትም። በእርግጥ ይህ ክፍያ በቅንነት ሲሠራበት ይጠቅም ነበር፤ ጥሬ ገንዘብ ያጠረው ገዢ ወለዱን ትንሽ ከፍ አድርጎ የክሎዚንግ ወጪውን እንዲሸፍንለት ማድረግ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ወለዱም ከፍ ብሎ፣ ወጪውም ከገዢው ኪስ ወጥቶ፣ ትርፉ ለደላላው ይቀር ነበር። በጥር 2002 በሜሪላንዱ ሴናተር ፖል ሳርቤንስ የሚመራው የሴኔቱ የባንክ ኮሚቴ በዚሁ ክፍያ ላይ ምስክሮችን ሰማ። ማስጠንቀቂያው ከ2008ቱ የቤት ብድር ቀውስ ብዙ ዓመት ቀድሞ ተነግሮ ነበር።

ከዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ገቢን ያለ ማስረጃ በቃል ብቻ የሚቀበሉ ብድሮች፣ ለሁለት ዓመት ዝቅ ያለ ወለድ ይዘው ከዚያ የሚያሻቅቡ ብድሮች በየሰፈሩ ተሸጡ። በደላላ በኩል ብዙ ያበደረው ኒው ሴንቸሪ በሚያዝያ 2007 ለኪሳራ አመለከተ፤ በመስከረም 2008 ሌማን ብራዘርስ ወደቀ። በዋሽንግተን ዙሪያ ብዙ ስደተኞች ቤት የገዙባቸው ፕሪንስ ዊሊያምና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች ክፉኛ ከተመቱት መካከል ነበሩ።

ጥፋቱ ሁሉ በደላላው ላይ ሲወድቅ ይሰማል። የፍርድ ቤቱ ሰነድ ግን ከዚያ ሰፋ ያለ ነገር ይናገራል። በታኅሣሥ 2011 የፍትሕ ሚኒስቴር ከቀውሱ በፊት ከትልልቆቹ የቤት አበዳሪዎች አንዱ ከነበረው ከካንትሪዋይድ ጋር የ335 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አደረገ፤ ክሱ ኩባንያው ከ2004 እስከ 2008 ከ200 ሺህ በላይ ጥቁርና ሂስፓኒክ ተበዳሪዎችን ተመሳሳይ ብቃት ካላቸው ነጮች የበለጠ አስከፍሏል የሚል ነበር፤ ክሱም በደላሎች በኩል የተሰጠውንም በኩባንያው በራሱ ሠራተኞች የተሰጠውንም ብድር ያጠቃልላል። በሐምሌ 2012 ዌልስ ፋርጎ ጥፋቱን ሳያምን በተመሳሳይ ክስ በ175 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። 34 ሺህ ያህሉ ተጎጂዎች በደላላ በኩል የመጡ ነበሩ፤ ክሱ ግን ከባንኩ በቀጥታ የተበደሩ ሌሎችንም ያካትት ነበር። የባንክ ባጅ ያደረገውም ሠራተኛ፣ ውድ ብድር ሲሸጥ የበለጠ የሚከፈለው ከሆነ፣ ውዱን ይሸጣል። ከካንሳስ እስከ ቨርጂኒያ ይህ አልተለወጠም።

ስለዚህ ሕግ አውጪዎቹ በመጨረሻ የነኩት ክፍያውን ነው። በሐምሌ 2008 የወጣው የሴፍ ሕግ ደላላው ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ፈቃዱን ከማግኘቱ በፊት 20 ሰዓት እንዲማር፣ ፈተና እንዲያልፍ፣ በየዓመቱም 8 ሰዓት ትምህርት እንዲወስድ አስገደደ። የባንክ ሎን ኦፊሰር ግን መመዝገብ እንጂ ይህን ፈተና መውሰድ አይጠበቅበትም። ሁለቱም ኤን ኤም ኤል ኤስ ከሚባለው አገር አቀፍ መዝገብ የሚሰጥ ቁጥር አላቸው፤ ማንም ሰው ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ አስገብቶ የሰውየውን የሥራ ታሪክና የተወሰደበትን እርምጃ ማየት ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ በቤት ደላላ ተማሮ የመጣ ሰው የዚህ አገር ደላላ እንዲህ በሕግ ቁጥጥር ሥር መሆኑን ማወቁ ይጠቅመዋል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በሚያዝያ 2011 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደላላም ሆነ ሎን ኦፊሰር በብድሩ ወለድ ከፍታ መሠረት እንዳይከፈለው ተከለከለ፤ ከተበዳሪውና ከአበዳሪው በአንድ ብድር ላይ ሁለት ጊዜ መቀበልም ቀረ። በ2010 የወጣው የዶድ ፍራንክ ሕግ ይህን አጠናከረው፤ ከጥር 2014 ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም አበዳሪ ተበዳሪው መክፈል እንደሚችል ማረጋገጥ ግዴታው ሆነ። ከጥቅምት 2015 ወዲህ እያንዳንዱ ተበዳሪ ባመለከተ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ «ሎን ኤስቲሜት» የተባለ ባለሦስት ገጽ ወረቀት ያገኛል፤ ቅጹ በባንክም በደላላም አንድ ነው።

ትልልቆቹ ባንኮች በዚህ መካከል ደላሎችን ትተው ሄዱ። ቼዝ በ2009፣ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በ2010፣ ዌልስ ፋርጎ በ2012 ከደላላ ብድር መቀበል አቆሙ። የደላሎቹ ገበያ በጣም ጠበበ። እንደገና ያነሳቸው በደላላ በኩል ብቻ የሚያበድረው የሚሺጋኑ ዩናይትድ ሆልሴል ሞርጌጅ ነው፤ በ2022 ሁለተኛ አጋማሽ ሮኬት ሞርጌጅን ቀድሞ የአገሪቱ ትልቁ የቤት አበዳሪ ሆነ። ይኸው ኩባንያ በመጋቢት 2021 ከእሱ ጋር የሚሠሩ ደላሎች ለተወዳዳሪዎቹ ለሮኬትና ለፌርዌይ ብድር እንዳይልኩ ቁርጡን ነገራቸው፤ ብዙዎችም ተስማምተው ፈረሙ። «ደላላ ገበያውን ሁሉ ያዞርልሃል» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ይላላል። ደላላው የሚያዞረው ውል ከገባላቸው አበዳሪዎች መካከል ብቻ ነው፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለመጀመሪያ ቤት ገዢ ያዘጋጇቸው የክፍለ ግዛት ፕሮግራሞችም በተፈቀደላቸው አበዳሪዎች በኩል የሚሰጡ ስለሆኑ ደላላው ጭራሽ ላያነሣቸው ይችላል።

በማኅበረሰባችን በኩል ሊነሣ የሚገባው ሌላ ጉዳይ አለ። ብዙ ሰው ቅድመ ክፍያውን የሚያጠራቅመው በእቁብ ነው። እቁቡ ደርሶት ሃያ ሺህ ዶላር በአንድ ቀን ባንክ ያስገባ ሰው፣ የብድር ገምጋሚው «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» ሲለው ይደነግጣል፤ አንዳንዱም ከዘመድ በስጦታ ያገኘ አስመስሎ ይጽፋል። ይህ ሐሰት ነው፤ አያስፈልግምም። የኤፍ ኤች ኤ መመሪያ የግል የቁጠባ ማኅበራትን ገንዘብ በግልጽ ይቀበላል። የሚጠይቀው ማስረጃ ነው፤ ማኅበሩ መኖሩን የሚያሳይ መዝገብ፣ የመዋጮ ደረሰኝ፣ ከገንዘብ ያዡም ማረጋገጫ። የእቁብ ጸሐፊዎች መዝገቡን በሥርዓት ቢይዙና ደረሰኝ ቢሰጡ ለአባሎቻቸው ትልቅ ውለታ ይውሉላቸዋል። ይህን የሚያውቅ ሎን ኦፊሰር በትልቅ ባንክ ውስጥም ሊገኝ ይችላል፤ የማያውቅ ደላላም አለ። ወለድ በሃይማኖታቸው ለተከለከለባቸው ሙስሊም ኢትዮጵያውያን ደግሞ፣ ከ2002 ጀምሮ በሬስተን፣ ቨርጂኒያ የሚሠራው ጋይዳንስ ሬዚደንሻል በወለድ ፋንታ በጋራ ባለቤትነት ውል ቤት ያስገዛል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ደመወዙ ቋሚ፣ ክሬዲቱ ጥሩ፣ ከባንኩ ወይም ከክሬዲት ዩኒየኑ ጋር የቆየ ሰው መጀመሪያ እዚያው ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ አይጎዳም። ገቢው የተበታተነ፣ በግሉ የሚሠራ፣ አንድ ባንክ እምቢ ያለው ሰው ከጥሩ ደላላ የበለጠ ያገኛል። ከዚህ በላይ ግን በስም መመዘን አያዋጣም። በካንሳስ፣ በቺካጎና በ2008ቱ ቀውስ የተጎዱት ሰዎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር የሚያወዳድሩት ሌላ ወረቀት በእጃቸው አለመኖሩ ነው። ዛሬ ወረቀቱ አለ። ቤት ለመግዛት የተነሣችሁ ሁሉ፣ ወለድ በየቀኑ ይለዋወጣልና በአንድ ቀን ከአንድ ባንክ ወይም ክሬዲት ዩኒየንና ከአንድ ደላላ ሎን ኤስቲሜት ጠይቁ፤ ሁለተኛ ገጽ ላይ ያለውን የብድር ማውጫ ክፍያ፣ ሦስተኛ ገጽ ላይ ያለውን የአምስት ዓመት ጠቅላላ ወጪ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። ደላላውን ከእነማን ጋር እንደሚሠራና በዚህ ብድር ላይ ማን ምን ያህል እንደሚከፍለው ጠይቁት። ክሬዲቴ ይወርዳል ብላችሁ አትፍሩ፤ የፌዴራሉ የሸማቾች ገንዘብ ጥበቃ ቢሮ እንደሚለው በ45 ቀን ውስጥ ብዙ የቤት አበዳሪዎች ቢያዩት እንደ አንድ ጥያቄ ነው የሚቆጠረው።